ኪኒኑ ከልምምዱ ጋር ሲሄድ፦ አፌዥያን በመድኃኒትና በንግግር ሕክምና ማገዝ

እማዬ ሠላሳ ዓመት ያህል ለሕፃናት ሀ ሁ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ስትሮክ ከመታት ከአምስት ሳምንት በኋላ የፊደል ገበታ ፊቷ ዘርግቼ «ሀ» አልኳት። «ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብላ እስከ መጨረሻው ወረደችው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። እንባዬ መጣ። ከዚያ ጣቴን «ሂ» ላይ አድርጌ «ይቺስ ማን ናት?» አልኳት። ዝም አለች። ፊደሏን ታያታለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ የወጣው «እሱ ነው፣ እሱ ነው» ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአፏ የሚወጣው ይኸው ነበር። ውሃ ስትፈልግ «እሱ ነው»። ስትቆጣም፣ ስታመሰግንም «እሱ ነው»። ድምፁ ይለያያል እንጂ ቃሉ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ሰው «ንግግር የሚመልስ ኪኒን አለ አሉ፣ ለምን አታስጀምሪያትም?» ብሎኛል። ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለም። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እናቴን የማስታምም ልጅ ነኝ። የምነግራችሁ ከሐኪሟና ከንግግር ቴራፒስቷ ጋር ሆነን ያደረግነውን፣ ጥናቶቹም የሚሉትን ነው። የእናንተን ታማሚ መድኃኒት የሚወስነው የራሱ ሐኪም ነው።

አፌዥያ ማለት

አፌዥያ የቋንቋ ጉዳት ነው። የማሰብ ጉዳት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስትሮክ ነው፤ የጭንቅላት አደጋና ዕጢም ያመጡታል። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ሲሦው ያህል አፌዥያ ይይዛቸዋል። አንዳንዱ የሚነገረውን ይረዳል፣ ቃሉ ግን አይወጣለትም። አንዳንዱ ደግሞ ሳያቋርጥ ይናገራል፣ ሰሚው ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ እሱም የሚነገረው በደንብ አይገባውም። የእማዬ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከ«ታን» በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል የማይወጣው አንድ ታማሚ ገጠመው። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱን ያገኘው በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን የእማዬ «እሱ ነው» አልከበደኝም። ስም ያለው፣ የታወቀ ነገር ነው።

ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት ምክንያት

አንጎል ከተጎዳ በኋላ የተረፉት ሕዋሳት አዲስ መንገድ ይሠራሉ። መንገዱ የሚሠራው ግን በመደጋገም ነው። አንድን ቃል መፈለግ፣ ማግኘት፣ መሳት፣ እንደገና መፈለግ። ይህን የሚያደርገው ልምምዱ ነው። በምርምር ላይ ያሉት መድኃኒቶች የሚነኩት ደግሞ ትኩረትንና መማርን የሚያግዙ የአንጎል ኬሚካሎችን ነው፤ አሴቲልኮሊን፣ ዶፓሚን፣ ግሉታሜት የሚባሉትን።

የእማዬ ሐኪም ይህን ሲያስረዱኝ «ዘር ያልተዘራበት ማሳ ላይ ዝናብ ቢዘንብ ምን ይበቅላል?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አረም። መድኃኒት ቃል አያስተምርም። የሚያደርገው ነገር ካለ፣ አንጎሉ የሚማረውን ትምህርት በተሻለ እንዲይዘው ማገዝ ነው። ትምህርት ከሌለ የሚያዝ ነገር የለም።

እኛ ይህን ያየነው በራሳችን ላይ ነው። እማዬ ሜማንቲን የሚባለውን ኪኒን ስትጀምር የንግግር ሕክምናው ለሰባት ሳምንት ተቋርጦ ነበር፤ ቀጠሮ አልተገኘም። ኪኒኑን በየቀኑ ሰጠኋት። በየሳምንቱ ለወጥ ያለ ነገር ጠበቅሁ። ምንም አልነበረም። ቴራፒው ሲመለስ ነው ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ የልምምድ ሰዓት ሳታመቻቹ የንግግር ኪኒን አታስጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ልምምድ፣ ቀጥሎ ኪኒን ነው።

አዲሱን ከመጨመራችሁ በፊት የድሮዎቹን እዩ

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነበር። ሁሉም ሰው ስለሚጨመር መድኃኒት ያወራል። በቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት አንጎልን እያደከመ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

እማዬ ሆስፒታል ሳለች እንቅልፍ እምቢ ስላላት ማታ ማታ ዲያዜፓም ታዞላት ነበር። ቤት ስንመጣም ቀጠለች። ማንም ተዉት ስላላለን አልተውነውም። እኔ ደግሞ የልምምዱን ውጤት በደብተር እይዝ ነበር፤ ከሃያ ስዕል ስንቱን እንደጠራች። አንድ ቀን የሦስት ሳምንቱን ገጽ ወደ ኋላ ሳገላብጥ ዓይኔን አንድ ነገር ሳበው። ዲያዜፓሙን ሳትወስድ ባደረች ማግስት ስምንት፣ ዘጠኝ። ወስዳ ባደረች ማግስት አራት፣ አምስት። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ። ደብተሩን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ገጹን አይተው መጠኑን ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀንሰው አቋረጡላት። በአንድ ጊዜ አላቆሙትም፤ እንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የራሱን አደጋ፣ የሚጥል ሕመምን ጨምሮ ያመጣል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስም አትዘርዝሩ፤ ፓኬቱን ራሱን አሳዩ። በተለይ የምትጠይቁት እነዚህን ነው፦ የእንቅልፍና የጭንቀት ማስታገሻዎች፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ዶፓሚንን የሚዘጉ መድኃኒቶች፣ እንደ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ያሉ የድሮ የሚጥል ሕመም መድኃኒቶች፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚመጣበት ሰው የሚሰጡ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂና የጉንፋን ኪኒኖች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አሴቲልኮሊንን ይዘጋሉ። አንድ ሰው በአንድ እጁ አሴቲልኮሊንን የሚጨምር ኪኒን፣ በሌላው የሚዘጋውን ቢወስድ ሁለቱ ይጣረሳሉ።

የሚጥል ሕመም መድኃኒትን ግን በራሳችሁ አትንኩ። «የሚቀየር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በዚያ ተወሰኑ። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትንም እንዲሁ። ለንግግር ከሚሰጥ ከማንኛውም ኪኒን ይልቅ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ያገኘነውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ስለ ኪኒኖቹ የሚታወቀው

ለአፌዥያ ተብሎ በመደበኛነት የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ የንግግር ሕክምናን አጥብቆ ይመክራል። መድኃኒት ግን እንደየታማሚው ሁኔታ፣ ከንግግር ሕክምናው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይችላል፣ ለሁሉም የሚሆን ግን የለም ይላል። ስለዚህ ሐኪማችሁ ቢጽፍላችሁ ለሌላ ሕመም የተሠራ መድኃኒት ነው የሚጽፈው። ፓኬቱ ላይ «ለአልዛይመር» የሚል ብታዩ አትደንግጡ።

የአልዛይመር መድኃኒት የሆነው ሜማንቲን አንዱ ነው። እማዬ የወሰደችው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስፔን ውስጥ 28 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ሁሉም ከስትሮኩ ብዙ የቆዩ ናቸው። ግማሾቹ ሜማንቲን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ለሁለት ሳምንት ጠንካራ የንግግር ልምምድ ተጨመረላቸው። ልምምዱ ሁለቱንም ቡድን አሻሻለ። ከሁሉ የላቀው ግን ኪኒኑና ልምምዱ የተገናኙበት ነበር። 28 ሰው ትንሽ ነው። ተስፋ ይሰጣል፣ ዋስትና አይሰጥም።

ሌላው የአልዛይመር መድኃኒት ዶኔፔዚልም ተሞክሯል፤ ያው ተመራማሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 በ26 ሰዎች ላይ። በ16 ሳምንት መሻሻል ታየ፣ ኪኒኑ ሲቆም ደግሞ ከተገኘው የተወሰነው ጠፋ። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ ሕልም ያመጣል። የልብ ምትንም ያዘገያል። ምቱ ቀድሞውኑ ዝግ ያለ ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ።

ፒራሲታም ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ነው። ጥናቶቹ ጠንካራ አይደሉም። አንድ ነገር ግን አስምሩበት፦ ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ አለው። የአንጎል ደም መፍሰስ ለነበረው ሰው አይሰጥም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድም ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። «ቫይታሚን ነገር ነው» እየተባለ ከቤት ቤት ሲዞር አይቻለሁ። ቫይታሚን አይደለም።

የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ አንድ ጥናት ላይ ጠቀመ፣ ሌሎች ላይ አልጠቀመም። እንደ ዶፓሚን የሚሠራው ብሮሞክሪፕቲን ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በቁጥጥር በተደረጉ ጥናቶች ግን ጥቅሙ አልታየም። አነቃቂ የሆነው ዴክስትሮአምፌታሚን በ21 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ምልክት አሳይቷል፤ ነገር ግን ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል። ከስትሮክ ለተረፈ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አልጠየቅሁም።

የድብርት መድኃኒት የሆነውን ፍሉኦክሰቲንን ብዙ ሰው ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከስትሮክ በኋላ ለስድስት ወር መውሰዱ የሰዎቹን አጠቃላይ ማገገም አላሻሻለም። የአጥንት ስብራትን ጨመረ፣ ድብርትን ቀነሰ። ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት፦ ድብርት ላለበት ሰው ድብርቱን ማከም ተገቢ ነው፤ ድብርት የሌለበትን ሰው «ንግግሩ ይመለስለት» ብሎ ማስጀመር ግን አይደገፍም። ድብርቱን ደግሞ ፈልጉት። ቃል የጠፋበት ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ አይነግራችሁም። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ስትጀምር ነው የገባኝ። ካርዱን ሳቀርብላት በግራ እጇ ትገፋዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የትኛውም ልምምድ አይሠራም።

ከሐኪሙ ጋር የሚደረገው ንግግር

ቀጠሮው አጭር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፌ እሄድ ነበር። ይህ ኪኒን ከምትወስዳቸው ጋር ይስማማል ወይ? ኩላሊቷ ይመረመር ወይ? (ሜማንቲን በኩላሊት ነው የሚወጣው፣ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀንሳል።) የልብ ምርመራ ያስፈልጋል ወይ? በስንት ሳምንት ነው ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የምንለው? ካልጠቀመ እንዴት ነው የሚቆመው? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አትርሱ። መጨረሻው ያልተነገረለት መድኃኒት ዓመታት ይቆያል።

ለእማዬ በቀን 5 ሚሊግራም ተጀመረ። በየሳምንቱ 5 እየተጨመረ ወደ 20 እንዲደርስ ነበር የታሰበው። 10 ላይ ስትደርስ ከወንበር ስትነሳ ዞራት። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ አንድ ሳምንት 10 ላይ ቆየች፣ ከዚያ ቀጠለች። ቀኝ እግሯ ደካማ ስለሆነ ብትወድቅ የሚተርፋት ነገር የለም። እነዚያን ቀናት ሽንት ቤት ብቻዋን እንዳትሄድ አደረግን።

ሰዓቱን ማገጣጠም

እዚህ ላይ ሰዎች ያለአግባብ ይጨነቃሉ። ሁሉም መድኃኒት ከልምምዱ በፊት መሰጠት ያለበት አይደለም። ሜማንቲንና ዶኔፔዚል ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያሉ። ጠዋት ተወሰዱ ማታ፣ ለልምምዱ ልዩነት የላቸውም። የሚያስፈልገው በየቀኑ ሳይዘለል መወሰዱ ነው። ሌቮዶፓና ዴክስትሮአምፌታሚን ግን ቶሎ መጥተው ቶሎ የሚሄዱ ናቸው። ለዚህ ነው በዴክስትሮአምፌታሚን ጥናቱ ኪኒኑ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የተሰጠው።

ከኪኒኑ ሰዓት የበለጠ የታማሚው የንቃት ሰዓት ነው ዋናው። የእማዬ አንጎል የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ነው። ከምሳ በኋላ ደብተሩ ላይ ያለው ውጤት ግማሽ ይሆናል። ፊዚዮቴራፒውን ወደ ከሰዓት አዛወርነው፣ ጠዋቱን ለንግግር ለቀቅን። አንድ ሳምንት ያህል ሰዓት እየቀያየራችሁ ሞክሩ፣ የእናንተ ሰውም የራሱ ሰዓት አለው።

ልምምዱ ራሱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ምን ያህል ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ በ156 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ሁሉም ከስትሮኩ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆዩ ናቸው። ቢያንስ ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ሠሩ። የዕለት ተዕለት ንግግራቸው ተሻሻለ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ግን ተራቸው እስኪደርስና እስኪሠሩ ድረስ አልተሻሻሉም። «ከስድስት ወር በኋላ አይመለስም» የሚለውን ወሬ የሰማችሁ ሰዎች ይህን ያዙ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ እውነት ነው። በሩ ግን አይዘጋም።

በሳምንት አሥር ሰዓት ቴራፒስት ማግኘት ለብዙ ሰው አይሆንም። ለኛም አልሆነም። በሳምንት አንድ ቀን ከቴራፒስቷ ጋር፣ አምስት ቀን ከእኔና ከእህቴ ጋር አደረግነው። ቴራፒስቷ የሳምንቱን ሥራ ታሳየናለች፣ ስንሠራ በስልክ ቀርጸን እንልክላታለን፣ የምንሳሳተውን ታርመናለች። ቴራፒስት በአካል የማይገኝበት ቦታ ያላችሁ በቪዲዮ ጥሪም ይሠራል። ያለ ባለሙያ ግምገማ ግን አትጀምሩ። የመረዳት ችግር ያለበት ሰውና የማውጣት ችግር ያለበት ሰው አንድ ዓይነት ልምምድ አይሠሩም።

አንዱ የልምምድ ዙር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ ሃያ አምስት። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዝኳት፤ በአርባኛው ደቂቃ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው። ልክ ነበረች።

ቃል ሲጠፋት የምናደርገው እንዲህ ነው። መቀስ አሳያታለሁ። በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እጅ ይበላል፣ ቃሉን አንስቶ መስጠት ያሰኛል። ካልመጣ «ወረቀት የምንቆርጥበት…» ብዬ አቆማለሁ። ካልመጣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ፣ «መ…»። የኛ ፊደል እዚህ ላይ ይረዳል፤ አንዷ ፊደል ድምፁንና አናባቢውን አብራ ትሰጣለች፣ አፍ ወዲያው ቅርጹን ይይዛል። እሱም ካልሆነ ቃሉን ሙሉ እላለሁ፣ አብረን ሦስት ጊዜ እንላለን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ መቀስ መልሼ አወጣዋለሁ።

የምትመርጧቸው ቃላት የሰውየው ሕይወት ውስጥ ያሉ ይሁኑ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንስሳትና ፍራፍሬ የያዙ የተዘጋጁ ካርዶች ነበሩን። እማዬ በትዕግሥት ታያቸዋለች እንጂ አልነኳትም። አንድ ቀን እህቴ ከድሮ ቦርሳዋ ውስጥ ቁራጭ ጠመኔ አግኝታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። እማዬ በግራ እጇ አገላበጠችው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ሰሌዳ ላይ ልትጽፍ እንደምትል አድርገው ያዙት። «ጠ» አለች። ማንም አልረዳትም። «ጠመ… ጠመኔ»። ከዚያ ቀን በኋላ ካርዶቹን በሙሉ ቀየርናቸው፦ ሰሌዳ፣ ደብተር፣ ደወል፣ መነጽር፣ የልጅ ልጆቿ ስም።

ግስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እማዬ ለሁሉም «ሄደ» ትላለች። «እኔ… ሄደ»። በቋንቋችን ማን እንዳደረገው ግሱ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ቴራፒስቷ አንድ ግስ መሃል ላይ አስቀምጣ በዙሪያው እንድትሞላ ታደርጋታለች። «ማስተማር። ማን ያስተምራል? ማንን? የት?» እማዬ የምትመልሰው በቃል ብቻ አይደለም፤ በሥዕል፣ በምልክት፣ በመጠቆምም። ከዚያ ወደ «አስተማርኩ፣ አስተማርሽ፣ አስተማረች» እንሄዳለን፤ እኔ ራሴን፣ እሷን፣ እህቴን እየጠቆምኩ።

ቀን መቁጠር፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ዜማ፣ እነዚህ ቶሎ ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ እንዳየሁት ፊደል መቁጠሩም እንደዚያው ነው። ለመንደርደሪያ ተጠቀሙባቸው፣ እዚያው ግን አትቅሩ። ቃልን በዜማ የሚያወጣ የሕክምና ዘዴም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ሐረጉን እያዜሙ በግራ እጅ ጠረጴዛ መምታት፣ ከዚያ ዜማውን ቀስ በቀስ ማንሳት። እኛ «ውሃ ስጪኝ»ን ያወጣነው በዚህ ነው። ሁለት ወር ፈጀ።

ለሚጠይቋት ዘመዶች ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። አትጩሁባት፤ ጆሮዋ ደህና ነው። በፊቷም «አይገባትም» አትበሉ፤ ይገባታል።

መለካት

መለኪያ ከሌለ ተስፋ የሌለውን ያሳያል፣ ድካምም ያለውን ይደብቃል። ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ ብቻ ሠርታችሁ ውጤቱን ያዙ። ሃያ የተለማመደችባቸው ስዕሎች፣ ሃያ ደግሞ ጨርሶ ያልተለማመደችባቸው። ሁለተኛዎቹ የሚጠቅሙት ለውጡ ካልተነካው ቃል ላይም መድረሱን ስለሚያሳዩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ምንም ሳትረዱ ጠይቁ። በወር አንዴ «ዛሬ ምን አደረግሽ?» ብላችሁ ሁለት ደቂቃ በስልክ ቅረጹ። ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ቅጂ ለሐኪሙም ለቴራፒስቷም ብዙ ነግሯቸዋል።

ሌላው ሕግ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኪኒን፣ አዲስ ልምምድና አዲስ የእንቅልፍ ሰዓት በአንድ ሳምንት ከጀመራችሁ የትኛው እንደሠራ መቼም አታውቁም። ደብተሩ ላይ እንቅልፏን፣ ግፊቷን፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከነበረም በአንድ መስመር ጻፉ።

ቶሎ መሮጥ ያለባችሁ ጊዜ

ንግግሩ በድንገት ከወትሮው ከባሰ፣ ፊት በአንድ በኩል ከወደቀ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ «የኪኒኑ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ሌላ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል። መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ የማይቆም ደም መፍሰስም እንዲሁ። ግራ መጋባት ወይም አዲስ ቁጣ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

ማቆም

ሐኪሙ መጀመሪያውኑ ስድስት ወር ነበር ያሉት። ስድስተኛው ወር ሲደርስ እማዬ ከተለማመደቻቸው ሃያ ቃላት አሥራ አራቱን፣ ካልተለማመደቻቸው ሰባቱን ትጠራ ነበር። ስንጀምር ስድስትና ሦስት ነበር። ከዚህ ውስጥ የኪኒኑ ድርሻ ስንት እንደሆነ በአንድ ሰው መለየት አይቻልም፣ ሐኪሙም አልሸሸጉኝም። ያደረግነው ልምምዱን ሳንነካ ኪኒኑን በእሳቸው ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ ማውረድ ነበር። እህቴ «ብትመለስስ?» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈርቼ ነበር። በየሳምንቱ ለካን፦ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ቢወርድ ኖሮ መልሰን እንድንጀምር ተነጋግረን ነበር። ስላልወረደ አልጀመርንም።

አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምትወስደው የግፊቱን፣ የኮሌስትሮሉንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ነው። ከዚያ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ደብተሩን ራሷ ትከፍታለች። የዚህ ሳምንት ግሶች «ጠራ»፣ «ጻፈ» እና «ጠበቀ» ናቸው።